ክርና መርፌ በተማሪ እጅ

(በተማሪዎች ማኅበር የዓርብ ማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ ስብሰባ ባለፉት ሳምንቶች ስለ ኤኮኖሚ ዕድገት፣ ስለ ቋንቋና ስለ አስተዳደር አያሌ ጠቃሚ ንግግሮች ሰምተናል። እኔ ዛሬ ማታ የማቀርበው ነገር ከእነዚህ ጋር ሲተያይ እጅግ ትንሽ መስሎ እንደሚታይ ዐውቃለሁ። አርእስቴ በሱፍ ክርና በሹራብ መርፌ ለሕፃናት አሻንጉሊት ሠርቶ ስለ መስጠት ነው። ይኸው አርእስት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከተለጠፈ በኋላ አንድ ጓደኛችን ከሥሩ በእርሳስ «ተናጋሪው ቀሚስ ለብሶ ይመጣል ወይ?» ብሎ ጽፎበት አግኝቻለሁ። ሱሪ ለብሼ መምጣቴን ሁላችሁም ስላያችሁ ጥያቄው ተመልሷል ብዬ ወደ ነገሬ እገባለሁ።

ንግግሬን በአራት ክፍል እከፍለዋለሁ። በመጀመሪያ፣ ስጦታው ለማን እንደሚያስፈልግ፤ ሁለተኛ፣ ለስላሳ አሻንጉሊት ለሕፃን ምን እንደሚሆንለት፤ ሦስተኛ፣ እንዴት እንደሚሠራና ምን ጥንቃቄ እንደሚያሻው፤ በመጨረሻም ይህን ሥራ እኛ ተማሪዎች ለምን መሥራት እንደሚገባን እናገራለሁ። የውጭ አገር ነገር ስጠቅስ ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

፩. ስጦታው ለማን ነው?

የአገራችን ልጅ መጫወቻ የለውም የሚል ሰው ካለ አገሩን በደንብ አልተመለከተም። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ከወንዝ ዳር ጭቃ አንሥቶ በሬውን ከነሻኛው፣ ላሟን ከነጥጃዋ ይሠራል። የከተማ ልጅ ያረጀ ካልሲ በጨርቅ ጠቅጥቆ፣ በሲባጎ ጠፍሮ ኳስ ያደርጋል፤ ከሽቦና ከቆርኪ መኪና ያበጃል። ሴቶቹም ልጆች ከቁራጭ ጨርቅ አሻንጉሊት ሠርተው እንደ እናቶቻቸው ያዝላሉ። ይህ ሁሉ ገንዘብ ያልወጣበት፣ ብልሃት ግን የፈሰሰበት ሥራ ስለ ሆነ ልንኮራበት ይገባል።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር እናስተውል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ዕድሜው አምስትና ስድስት ዓመት የሞላው፣ ለራሱ መሥራት የሚችለው ልጅ ነው። ከእርሱ በታች ያለው፣ ገና ድክ ድክ የሚለው ሕፃን ለራሱ ምንም ሊሠራ አይችልም። የታላቁን ኳስ ቢነካ ይቀማል፤ የጭቃውን በሬ ቢይዝ ወደ አፉ ይከተዋል። በክርስትናው ቀን ስጦታ ይመጣለታል፤ ነገር ግን ገንዘቡን የሚቀበሉት አባቱ፣ ልብሱን አጥፈው የሚያስቀምጡት እናቱ ናቸው። ለእርሱ ለራሱ፣ በእጁ ጨብጦ «የእኔ» የሚለው ነገር ማን አመጣለት? «ሕፃን ምን ያውቃል» ብለን እናልፈዋለን።

በዛሬው ጊዜ ደግሞ ክፍተቱን የሚሞላ አንድ ነገር ተገኝቷል፤ እርሱም የእጅ ስልክ ነው። ሕፃኑ ሲያለቅስ ስልክ ከፍተን እንሰጠዋለን፤ ዝም ይላል፤ እኛም ደስ ይለናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ግን ዕድሜው ከ2 ዓመት በታች የሆነ ሕፃን እንዲህ ያለ ምስል ፊት ተቀምጦ እንዲውል አይመክርም፤ 2 ዓመት ለሞላውም ቢሆን በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። ስልኩን ከሕፃኑ እጅ መውሰድ ቀላል ነው። የሚከብደው በምትኩ ምን እንሰጠዋለን የሚለው ነው።

ይህን ሐሳብ እንዳስብ ያደረገኝን ነገር ባጭሩ ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት የመኝታ ቤታችንን ደረጃ ከሚያጸዱት እኅቶቻችን አንዷ የሁለት ዓመት ልጇን የምታስቀምጥበት ስታጣ ይዛው ትመጣ ነበር። እርሷ ስትወለውል ልጁ ከደረጃው ሥር ተቀምጦ ባዶ የውሃ ጠርሙስ ያንከባልላል። አንድ ቀን የጠርሙሱ ክዳን ከአፉ ገባ። እናቱ መወልወያዋን ጥላ ሮጠች፤ በጣቷ ጎልጉላ አወጣችለት። ልጁ ትንሽ አልቅሶ ዝም አለ። እርሷ ግን ክዳኑን በእጇ ይዛ ከደረጃው ላይ ተቀምጣ ለብዙ ጊዜ አልተነሣችም። ሁላችንም መጽሐፋችንን ይዘን በዚያ ደረጃ በየቀኑ እንወጣለን፣ እንወርዳለን። ከመካከላችን ለዚያ ልጅ መጫወቻ ይሆነው ዘንድ አንዳች ነገር ያሰበ አልነበረም።

፪. ለስላሳ ነገር ለሕፃን ምን ይሆንለታል?

ሰው ለሕፃን ለስላሳ አሻንጉሊት መሥራት የጀመረው ትናንት አይደለም። በለንደን የብሪታንያ ሙዚየም ውስጥ በግብፅ አገር ኦክሲሪንኩስ ከሚባለው ጥንታዊ ከተማ የተገኘ የጨርቅ አሻንጉሊት አለ። የተሠራው ከተልባ እግር ጨርቅ ሲሆን ሆዱ በእራፊና በፓፒሩስ ቁራጭ ተሞልቷል። ሊቃውንቱ ከመጀመሪያው እስከ አምስተኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ የተሠራ ነው ይላሉ። እዚያው ሙዚየም ውስጥ በ300 ዓ.ም. አካባቢ በግብፅ የተሠራ፣ ባለ ኅብር መስመር የሕፃን የሱፍ ካልሲ ይገኛል። እርሱም ከዛሬው የሹራብ አሠራር በሚቀድም ዘዴ፣ በአንድ መርፌ ብቻ ክር እየተቆላለፈ የተሠራ ነው። የነገሥታት ብዙ ሐውልት በፈረሰበት አገር እነዚህ ሁለት የሕፃን ዕቃዎች ተርፈው መገኘታቸው ያስደንቃል።

የዘመናችን ሊቃውንት ደግሞ ነገሩን በምርምር ተመልክተውታል። በ1958 ዓ.ም. ሃሪ ሃርሎ የተባሉ የአሜሪካ የሥነ ልቦና ሊቅ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ስላደረጉት ሙከራ አስታወቁ። ከእናቶቻቸው የተለዩ የጦጣ ግልገሎችን ወስደው ሁለት የውሸት እናቶች ሠሩላቸው። አንደኛዋ ከባዶ ሽቦ የተሠራች ስትሆን ሁለተኛዋ ለስላሳ ጨርቅ ለብሳለች። ከዚህ በኋላ ለአንዳንዶቹ ግልገሎች የወተቱን ጡጦ በሽቦዋ እናት ላይ ብቻ አደረጉት። ግልገሎቹ ወተቱን ከሽቦዋ ጠጥተው ወዲያው ወደ ጨርቋ እናት እየተመለሱ፣ የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት እርሷን አቅፈው ይውሉ ነበር። የሚያስፈራ ነገር ሲያዩም ሮጠው የሚጠጉት ወደ ጨርቋ ነው። ሙከራው በግልገሎቹ ላይ ጭካኔ ነው ብለው ብዙዎች ነቅፈውታል፤ ነቀፋውም ተገቢ ነው። ያሳየው ነገር ግን ሊካድ አይችልም። ሕይወት ያለው ግልገል በወተት ብቻ አይኖርም፤ የሚያቅፈው ለስላሳ ነገርም ይሻል።

ዶናልድ ዊኒኮት የተባሉ እንግሊዛዊ የሕፃናት ሐኪም በ1951 ዓ.ም. ባቀረቡት ጥናት ሕፃን ከእናቱ እቅፍ ወደ ሰፊው ዓለም ሲሸጋገር አንድ ለስላሳ ነገር መርጦ እንደሚይዝ አስረድተዋል። ይህ ነገር የብርድ ልብስ ጫፍ ወይም አሻንጉሊት ሊሆን ይችላል። ሕፃኑ ሲተኛና ሲከፋው ያን ይሻል፤ በሌላም አይለውጠውም። ሐኪሙ ያስተዋሉት አንድ ነገር በተለይ ደስ አሰኝቶኛል። እናቶች ያ ነገር ቢያድፍና ቢሸት እንኳ ቶሎ አያጥቡትም፤ ሽታው ከጠፋ ለሕፃኑ ያው ነገር መሆኑ እንደሚቀር ያውቃሉና። እነዚህ እናቶች የሐኪሙን ጽሑፍ ያላነበቡ ናቸው። ሊቁ የጻፉት እነርሱ ቀድመው የሚያውቁትን ነው ማለት ነው።

አንድ ታሪክ ልጨምር። ማርክ ኢስፌልድ የተባለ የካናዳ ወታደር ከተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪዎች ጋር በክሮኤሺያ ፈንጂ ያመክን ነበር። እናቱ ካሮል ኢስፌልድ በጦርነቱ መካከል ለሚያገኛቸው ሕፃናት እንዲሰጣቸው በኪሮሽ ትንንሽ አሻንጉሊቶች እየሠሩ ይልኩለት ጀመር። ወንዶቹ አሻንጉሊቶች የሰላም አስከባሪዎቹን ሰማያዊ ቆብ የደፉ ነበሩ። ልጁ በ1994 ዓ.ም. በሰኔ ወር በዚያው በፈንጂ ሥራ ላይ ሳለ ሞተ። እናቱ መርፌያቸውን አልጣሉም። ጓደኞቹ ወታደሮች ቀሪዎቹን አሻንጉሊቶች ያድሉ ጀመር፤ በቅጽል ስሙም «የኢዚ አሻንጉሊት» አሏቸው። ከዚያ ወዲህ በካናዳ ብዙ ሰዎች ያንኑ እየሠሩ ጦርነትና ችግር ወዳለባቸው አገሮች ልከዋል። ከመዳፍ የማይበልጥ አሻንጉሊት ጦርነት አያቆምም። ሆኖም ወታደር ሲያይ ይሸሽ የነበረ ሕፃን እጁን ዘርግቶ ከወታደር ሲቀበል፣ ትንሽ ነገር ሆነ ማለት አይቻልም።

፫. አሠራሩና ጥንቃቄው

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። ከእናንተ መካከል በተለይ ወንዶቹ ይህ ከፍ ያለ ጥበብ የሚጠይቅ ይመስላችሁ ይሆናል። እኔ ያስተማሩኝ አክስቴ ናቸው፤ ትምህርቱም ሁለት ምሽት ብቻ ፈጀ። መርፌውን እንደ መዶሻ ጨብጬ ሳልብ ባዩኝ ጊዜ «እጅህን አታጥብቀው፤ ክሩ አይሸሽህም» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ መመሪያ በመጽሐፍ አላገኘሁም።

የሚያስፈልገው ዕቃ ውፍረታቸው 4 ሚሊ ሜትር የሆነ ሁለት የሹራብ መርፌ፣ አንድ ልቃቂት የሹራብ ክር፣ ጫፉ ደነዝ የሆነ የመስፊያ መርፌ፣ መቀስና ጥቂት መሙያ ነው። በመጀመሪያ በአንደኛው መርፌ ላይ 30 የክር ቀለበት ይደረደራል። ከዚያ በኋላ ሁለተኛው መርፌ በየቀለበቱ ከፊት ወደ ኋላ እየገባ፣ ክሩን በጫፉ እየሳበ አዲስ ቀለበት ያወጣል፤ አሮጌው ቀለበት ከመርፌው ይለቀቃል። ጥበቡ ይኸው ነው። መስመሩ ሲያልቅ መርፌዎቹን ከእጅ ወደ እጅ አዛውሮ ያንኑ መድገም ነው። በዚህ አሠራር የሁለት መስመር ከፍታ ከአንድ ቀለበት ወርድ ጋር ስለሚተካከል፣ 60 መስመር ስንሠራ ቁመቱና ወርዱ እኩል የሆነ፣ እያንዳንዱ ጎኑ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚሆን አራት ማዕዘን እናገኛለን። የሂሳብ ተማሪዎች አስቀድማችሁ እንዳሰላችሁት 30 በ60 ሲባዛ 1,800 ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ለአንድ ሕፃን 1,800 ጊዜ ክር ሳበ ማለት ነው።

ከዚህ አራት ማዕዘን ጥንቸል እንደሚከተለው ይወጣል። አራት ማዕዘኑን በጠረጴዛ ላይ ዘርጉት። ክር በሰካችሁበት መርፌ ከግራው ጎን እኩሌታ ተነሥታችሁ በአግድም እስከ ቀኙ ጎን እኩሌታ ድረስ ዘለል ዘለል እያላችሁ ስፉ። ከዚያ ክሩን ወደ ላይኛው ጠርዝ መካከል፣ ከዚያም ተመልሶ ወደ ተነሣችሁበት ወደ ግራው ጎን ውሰዱት። ሦስት ማዕዘን ሆነ። በሦስት ማዕዘኑ መካከል እፍኝ የማይሞላ መሙያ አድርጋችሁ የክሩን ሁለት ጫፎች ስትስቡ፣ ሦስት ማዕዘኑ ተሰብስቦ ክብ ራስ ይሆናል፤ ከላይ የቀሩት ሁለት ማዕዘኖችም ብድግ ብለው ጆሮ ይሆናሉ። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ስታዩ እንደምትስቁ አልጠራጠርም፤ እኔም ስቄአለሁ። ክሩን ደኅና አድርጋችሁ ቋጥሩት። ከዚያ በኋላ የታችኛውን እኩሌታ ግራና ቀኝ ጠርዙን አገናኝታችሁ በመስፋት፣ ሆዱን ሞልታችሁ ታቹን በክር ሰብስባችሁ መዝጋት ነው። ጀማሪ በሦስት ወይም በአራት ምሽት ይጨርሰዋል።

ጥንቃቄውን ግን ከአሠራሩ ይበልጥ እንድትይዙልኝ እለምናለሁ። ፍቅር ያለበት ስጦታ በድንቁርና ምክንያት ጉዳት ሊያመጣ ይችላልና።

አንደኛ፤ ለዓይንና ለአፍንጫ ቁልፍ ወይም ዶቃ አትስፉ። ሕፃን በጥርሱ ይነቅለዋል፤ ከጉሮሮውም ሊገባ ይችላል። ዓይኑን በጥቁር ክር ጥለፉት። በአሜሪካ ከ3 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች የሚሸጥ መጫወቻ የሚመረመርበት አንድ ክብ መለኪያ አለ፤ የአፉ ስፋት 31.7 ሚሊ ሜትር ነው። ከመጫወቻው የሚወልቅ፣ በዚያ ውስጥ የሚገባ ቁራጭ ካለ ዕቃው ለገበያ አይወጣም። የብዙው የውሃ ጠርሙስ ክዳን በዚያ መለኪያ ውስጥ ይገባል። ከደረጃው ሥር የነበረውን ልጅ አስታውሱ።

ሁለተኛ፤ ረጅም ማሰሪያ ወይም ጅራት አታድርጉ። በአንገት ላይ ሊጠመጠም ይችላል። አውሮፓውያን ለትንንሽ ልጆች መጫወቻ የወሰኑት የገመድ ርዝመት ከ22 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ነው፤ ይህም በእኛ ልክ አንድ ስንዝር ያህል ነው። ብዙዎች ለጥንቸሉ ጅራት ከፍሬንጅ የተሠራ ድብልብል ክር ይሰፉበታል። ፍሬንጁ እየተነጨ ከአፍ ስለሚገባ ለትንሽ ሕፃን ባይደረግ ይሻላል።

ሦስተኛ፤ ባቄላ፣ ስንዴ ወይም ሌላ ፍሬ አትሙሉበት። ስፌቱ ቢተረተር ፍሬው ለሕፃኑ አደጋ ነው፤ ውሃ ቢነካውም ይበሰብሳል። ንጹሕ የትራስ መሙያ ወይም ባዘቶ ይሁን። ባዘቶ ሲታጠብ እንደሚጓጉልና ለመድረቅ እንደሚዘገይ ግን ዕወቁ። ክሩን ጠበቅ አድርጋችሁ ሥሩ፤ መሙያው በቀዳዳው እንዳይወጣ። ንጹሕ የበግ ሱፍ በሙቅ ውሃ ሲታጠብ ስለሚኮማተር፣ ለዘወትር መጫወቻ የሚታጠበው ሰው ሠራሽ ክር ይመቻል።

አራተኛ፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን የሰጣችሁ እንደ ሆነ ነቅቶ ሳለ፣ ሰው አጠገቡ ሆኖ እንዲጫወትበት ለእናቱ ንገሯቸው። የሕፃናት ሐኪሞች የጨቅላ መኝታ ከትራስም ከአሻንጉሊትም ባዶ እንዲሆን ይመክራሉ፤ ትንፋሽ እንዳያፍን ነው።

፬. ለምን እኛ?

እዚህ ላይ ሦስት ተቃውሞዎች እንደሚነሡ ዐውቃለሁ፤ በየተራ ልመልስ።

የመጀመሪያው፣ «ይህ የሴት ሥራ ነው» የሚለው ነው። በመኝታ ቤታችን መርፌ ይዤ በተገኘሁ ጊዜ «እማማ፣ ለእኔም ካልሲ ሥሪልኝ» ተብዬአለሁ። እኔም ጠየቅኋቸው፤ የለበሳችሁትን ጋቢ የሠራው ማን ነው? በደጋው አገራችን ልማድ ፈታይዋ ሴት ስትሆን ሸማኔው ወንድ ነው። ከዶርዜ ተነሥተው ሽሮ ሜዳን በሸማ ያስጠሩት ወንዶች ናቸው። በአውሮፓም በቀደመው ዘመን ሹራብ የሚሠሩ ሰዎች ማኅበር የነበራቸው ሲሆን አባላቱ ወንዶች ነበሩ፤ ከማኅበሩ ለመግባትም ለዓመታት መማርና የሥራ ፈተና ማለፍ ያስፈልግ ነበር። በፔሩ አገር በቲቲካካ ሐይቅ ውስጥ ታኪሌ በምትባል ደሴት እስከ ዛሬ ድረስ ቆቡን በሹራብ መርፌ የሚሠራው ወንዱ ነው። የዚያችን ደሴት የእጅ ሥራ ዩኔስኮ በ2005 ዓ.ም. ከሰው ልጅ ቅርሶች አንዱ ብሎ አውጆታል። እንግዲህ መርፌ ጾታ የለውም። ካፈዙብኝ ጓደኞቼ አንዱም በፈተና ሰሞን ሌሊት መጥቶ፣ እኅቱ ልትወልድ መሆኗን በሹክሹክታ ነግሮኝ እንዳስተምረው ለምኖኛል። ስሙን አልናገርም፤ ጥንቸሉ ግን ከእኔው ይልቅ ያምር ነበር።

ከዚህ ተቃውሞ በስተጀርባ የባሰ ነገር አለ። እርሱም የእጅ ሥራን መናቅ ነው። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን፣ ሸክላ ሠሪዋን በስድብ ስንጠራ ኖረናል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ዛሬ በአፋችን ሸማኔን አንሳደብም፤ ነገር ግን እስከ ዩኒቨርሲቲ ደርሰን የራሳችንን የሸሚዝ ቁልፍ መትከል ካፈርን ስድቡ ከአፋችን ወደ ልባችን ገባ እንጂ አልቀረም። የእጅ ሥራ ክቡር ነው ብለን በፈተና ወረቀት ላይ ከምንጽፍ ይልቅ፣ በገዛ እጃችን አንድ አራት ማዕዘን ብንሠራ ይበልጥ እንማራለን።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ «ከገበያ መግዛት አይቀልም ወይ?» የሚለው ነው። ይቀላል። ለሚገዛው አሻንጉሊት የምንከፍለው ገንዘብ ነው፤ በእጅ ለተሠራው የምንከፍለው ጊዜ ነው። ለተማሪ ከሁለቱ የትኛው እንዳለው ታውቃላችሁ። ከዚህም በላይ የፕላስቲኩ አሻንጉሊት እጁ ከተነቀለ ይጣላል። የክሩ አሻንጉሊት ቢቀደድ ይሰፋል፤ ሕፃኑ ሲያድግ እንኳ ተተርትሮ ክሩ ለታናሹ ቆብ ይሆናል። ሠሪው ደግሞ የልጁን ጠባይ ዐውቆ ሊሠራለት ይችላል። በግ ለሚወድ በግ፣ ዶሮ ለሚያባርር ዶሮ።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ እኔም ራሴ ብዙ አስቤበታለሁ። «የድኻ ልጅ የሚያስፈልገው ወተትና ዳቦ ሳለ አሻንጉሊት ማደል ቅንጦት፣ ከዚያም አልፎ ራስን ማታለል አይደለም ወይ?» ይባላል። ይህን የሚሉት ጓደኞቻችን ከልባቸው ለሕዝብ የሚያስቡ ስለ ሆኑ በአክብሮት እመልሳለሁ። ወተቱ መቅደም አለበት። ለወተቱ መታገል ያለበት ይታገል፤ እኔም አብሬ ነኝ። ነገር ግን የእነዚያን የጦጣ ግልገሎች ነገር እንድታስቡ እለምናችኋለሁ። ወተቱ ነበራቸው፤ ጠጥተው ከጠገቡ በኋላ ወዴት ሄዱ? የድኻ ልጅ ወተት ብቻ፣ የሀብታም ልጅ ወተትም አሻንጉሊትም ይገባዋል የሚል ሕግ የለም። ድኻውን ሆድ ብቻ አድርገን ካየነው፣ ልንረዳው የተነሣን ሰዎች ሰውነቱን ቀነስንበት ማለት ነው።

የደረጃውን ልጅ ነገር ልጨርስ። የመጀመሪያዋን ጥንቸሌን የሰጠሁት ለእርሱ ነው። ጆሮዋ አንዱ ረዘም፣ አንዱ አጠር ያለ ነበር። ልጁ ተቀብሎ ብዙ ጊዜ አያት፤ ከዚያ አጭሩን ጆሮ ከአፉ ከተተው። እናቱ «እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ፤ ከየት ገዛኸው?» አለችኝ። እኔ ሠራሁት ብላት አላመነችም። መርፌውንና ክሩን ከኪሴ አውጥቼ ባሳየኋት ጊዜ ግን ሳቀች፤ ቀጥላም «እኔንም አሳየኝ» አለችኝ። በሳምንቱ ክር ገዝታ መጣች። ይህን የምናገረው ራሴን ለማመስገን አይደለም። ስጦታው ከዕቃው አልፎ ሙያ ሆኖ መሄድ እንደሚችል ለማሳየት ነው። የተገዛ አሻንጉሊት ብሰጣት ኖሮ ምስጋናዋን ተቀብዬ እሄድ ነበር፤ ነገሩም በዚያው ያበቃ ነበር።

ስለዚህ ለማኅበራችን ይህን ሐሳብ አቀርባለሁ። በሳምንት አንድ ምሽት የማኅበሩ ክፍል ለዚህ ሥራ ይፈቀድ። የሚያውቁ ያላወቁትን ያስተምሩ። እያንዳንዳችን ከመስከረም በፊት አንድ አሻንጉሊት ሠርተን፣ ከላይ የተናገርሁትን ጥንቃቄ የሚመረምሩ ሁለት ሰዎች ተመርጠው እያንዳንዱን ጎትተውና አይተው ካሳለፉት በኋላ፣ በመጀመሪያ በግቢያችን ለሚሠሩ ሰዎች ሕፃናት እንስጥ። ከዚያ የተረፈውን የሆስፒታል ነርሶችን ደንባቸውን ጠይቀን፣ በፈቀዱት መንገድ ታመው ለተኙ ሕፃናት እናድርስ። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። «እኅቶቻችን ይሥሩ፣ ወንዶቹ እናከፋፍል» የሚል ውሳኔ እንዳይተላለፍ አደራ እላለሁ። እንዲህ ከሆነ ባይጀመር ይሻላል።

ደግሞም ስንሰጥ ፎቶግራፍ ለመነሣት የሕፃኑን እጅ ይዘን አናስቁመው። ሕፃን ለምስጋና አይጠራም። አሻንጉሊቱን ወርውሮት ቢሄድም መብቱ ነው፤ የተሰጠው ነገር የእርሱ ነውና።

መምህራኖቻችንም ከእኛ ጋር እንድትቀመጡ እጋብዛችኋለሁ። ከመካከላችሁ ሹራብ መሥራት የምታውቁ እንዳላችሁ ደርሼበታለሁ፤ ለጊዜው ምስጢር አድርጌ ይዤዋለሁ።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ አባቶቻችን። አንበሳ የማሰሩን ነገር ለሌላ ቀን እናቆየውና፣ ለአሁኑ ከክር ትንሽ አንበሳ ሠርተን ለአንድ ሕፃን ብንሰጠው ተረቱን በሌላ መንገድ የፈጸምነው ይመስለኛል። ክሩ በጠረጴዛው ላይ ነው፤ አሥር ጥንድ መርፌም ከአክስቴና ከጎረቤቶቻቸው ተውሼ አምጥቻለሁ። ስብሰባው ሲያልቅ ወደ ፊት የሚመጣ ሁሉ 30 ቀለበት ደርድሮ መሄድ ይችላል።